በጀቱ ስለተቆረጠ ነው ከተማው የተቃጠለው? የሎስ አንጀለሱ እሳትና ያስነሳው ክርክር



ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሳውን ሰደድ እሳት ብዙዎቻችን በስልካችን ተከታትለነዋል። እሳቱ ገና ሳይጠፋ አንድ ወሬ ከእሳቱ ቀድሞ ዓለምን አዳረሰ፦ ከንቲባዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን በጀት 17 ሚሊዮን ዶላር ቆርጣ ነበር፣ ከተማው የተቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው የሚል። ወዲያው ደግሞ ተቃራኒው መጣ፤ በጀቱ አልተቆረጠም፣ እንዲያውም ጨምሯል ተባለ። የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች የያዙት ቁጥር እውነተኛ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚወደውን ወገን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ፣ ከዚያም አልፎ ሰው የሞተበትና ቤት የወደመበት ምክንያት ከነዚህ ቁጥሮች ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ከዚህ በኋላ ቀኖቹን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እሳቱ የተነሳው ጃንዋሪ 7/2025 ነው። ሰዓቱን ግን በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።)

በመጀመሪያ የሆነውን በአጭሩ እናስታውስ። በሎስ አንጀለስ ጃንዋሪ የዝናብ ወቅት ነው። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ቀረ። ከሜይ 2024 መጀመሪያ አንስቶ እሳቱ እስከተነሳበት ቀን ድረስ በከተማዋ መሃል የዘነበው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ደግሞ እርጥብ ስለነበሩ በየኮረብታው ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልቡ በቅሎ ነበር። ያ ሁሉ ደርቆ ማገዶ ሆነ። በዚህ ላይ ሳንታ አና የሚሉት ነፋስ ተነሳ። ይህ ነፋስ ከውስጥ ካለው በረሃማ ምድር ተነስቶ ተራራውን እየወረደ ወደ ባሕሩ የሚነፍስ ነው፤ በወረደ ቁጥር እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። በዚያ ቀንና ሌሊት በአንዳንድ ከፍተኛ ቦታዎች በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነፍሷል። ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በተባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ምሽት 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ከተራራው ሥር ባለችው አልታዴና አጠገብ እሳት ተነሳ። ሁለቱ እሳቶች ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋሉት ጃንዋሪ 31 ነው። ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ወደሙ፤ ቢያንስ 30 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

አሁን ወደ በጀቱ እንምጣ። የሎስ አንጀለስ ከተማ የበጀት ዓመት ከጁላይ እስከ ጁን ነው፤ ከኛው ሐምሌና ሰኔ ጋር ስለሚቀራረብ ለመከታተል አይከብደንም። በ2023/24 ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ የጸደቀው 837 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ለ2024/25 የጸደቀው ደግሞ 820 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱ 17 ሚሊዮን ዶላር ከምናምን፣ ማለትም ሁለት በመቶ ያህል ነው። ወሬው የተነሳው ከዚህ ነው። ነገር ግን በጀቱ ሲጸድቅ ከተማው ከሠራተኛ ማህበሩ ጋር የደመወዝ ድርድር ላይ ነበር። ድርድሩ ስላላለቀ ለጭማሪው የሚሆነው ገንዘብ በመሥሪያ ቤቱ ስም አልተመዘገበም፤ በሌላ የበጀት ርዕስ ተይዞ ቆየ። በኖቬምበር 2024 ስምምነቱ ሲጸድቅ ገንዘቡ ወደ መሥሪያ ቤቱ ዞረ፣ ጠቅላላ በጀቱም ካለፈው ዓመት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ በለጠ። «ተቆርጧል» ያለው የጁላይን ወረቀት፣ «ጨምሯል» ያለው የኖቬምበርን ወረቀት ይዞ ነው።

ከተቀነሰው ውስጥ ከፊሉ ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ለተገዙ ዕቃዎች የወጣ ነበር። ጀመዓችን አምና ለመስገጃ ክፍሉ ምንጣፍ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የዘንድሮው ወጪያችን ከአምናው ያንሳል፤ ይህን አይቶ «ጀመዓው ሥራውን ቀነሰ» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። በጀት ላይ የሚነሱ ብዙ ክርክሮች ከዚህ የዘለሉ አይደሉም።

እንዲህ ስላልኩ ግን የከተማውን አስተዳደር ጥፋተኛ የለበትም እያልኩ አይደለም። ጠቅላላ ድምሩ ሲያድግ ውስጡ ሊጎድል ይችላል። በዲሴምበር 2024 መጀመሪያ፣ እሳቱ ሊነሳ አንድ ወር ሲቀረው፣ የመሥሪያ ቤቱ አዛዥ የነበሩት ክሪስቲን ክራውሊ በጻፉት ማስታወሻ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ 7 ሚሊዮን ዶላር መቀነሱ ለትልቅ አደጋ የመዘጋጀት፣ የመሰልጠንና የመድረስ አቅማችንን ጎድቶታል ብለው ነበር። ትርፍ ሰዓት ሲባል ለአንዳንዶቻችን ቅንጦት ይመስለናል። እዚያ ግን ሥልጠናው የሚሰጠው፣ በነፋስ ቀን ተጨማሪ ሰው በተጠንቀቅ የሚቆመው በትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። የሲቪል ሠራተኛ መደቦችም ተቀንሰው ነበር፣ ከነዚህ ውስጥ መካኒኮች ይገኙበታል። አዛዥዋ ከእሳቱ በኋላ ሲናገሩ ከ100 በላይ ተሽከርካሪዎች ጠጋኝ አጥተው እንደቆሙ ገልጸዋል። የደመወዝ ጭማሪ ለሠራተኛው የሚገባው ሊሆን ይችላል፤ የቆመ መኪና ግን አያስነሳም። «50 ሚሊዮን ጨምረናል» የሚለው መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ ለጥያቄው መልስ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚረዝም ታሪክ አለው። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ ያሏት የእሳት አደጋ ሠራተኞች 3,500 ያህል ናቸው፤ ለሺህ ሰው አንድ እንኳን አይደርስም። መሥሪያ ቤቱ ያስጠናው ጥናት 62 አዳዲስ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ ብሎ ነበር። ይህ በአንድ ከንቲባ ዘመን የተፈጠረ ጉድለት አይደለም። በየዓመቱ «ዘንድሮ ይለፍ» እየተባለ በብዙ ከንቲባዎች ሥር የተጠራቀመ ነው።

ከንቲባዋ ካረን ባስ በእሳቱ ቀን ጋና ነበሩ፤ በፕሬዚዳንት ጆን ማሃማ በዓለ ሲመት ላይ ለመገኘት ሄደው ነው። የነፋሱ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሮ ስለነበር ይህ ጉዞ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። ፌብሩዋሪ 21 ላይ ከንቲባዋ አዛዥዋን ከሥራ አነሱ። ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ እሳቱ በተነሳበት ጠዋት 1,000 ያህል ሠራተኞች በሥራ ላይ መቆየት ሲችሉ ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ የሚል ነው። የሠራተኛ ማህበሩ በበኩሉ የሚያሳፍሯቸው በቂ መኪኖች አልነበሩም ብሎ ተከራከረ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል። ሰው ቢኖርም መኪናው ተበላሽቶ ቆሟል፣ መኪናው የቆመውም መካኒክ ስለሌለ ነው።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ስለ ሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ብዙ ሰው የሞተው ግን በከተማው ውስጥ አልነበረም። በክርክሩ ውስጥ በጣም የተዘለለው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

አልታዴና የሎስ አንጀለስ ከተማ አካል አይደለችም። የራሷ ማዘጋጃ ቤትም ከንቲባም የላትም። በቀጥታ የምትተዳደረው በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት በክፍለ ግዛቱና በከተሞች መካከል ያለ እርከን ነው፣ በኛ አገር ከዞን ጋር ልናመሳስለው እንችላለን፤ ይህኛው 88 ከተሞችና 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለው። የራሱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት፣ የራሱ አዛዥ፣ የራሱ በጀት አለው። ስለዚህ የከንቲባ ባስ 17 ሚሊዮን ዶላር ተቆረጠም አልተቆረጠም፣ በአልታዴና ለሞቱት ሰዎች የሚያመጣው ለውጥ አልነበረም። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን የዚያች ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው።

እዚያ ምን ሆነ? አልታዴናን ሌክ የተባለ ጎዳና ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ ይከፍላታል። በምሥራቅ ላሉት ሰፈሮች የ«ውጡ» ትዕዛዝ የደረሳቸው ገና በምሽቱ መጀመሪያ ነው። በምዕራብ ላሉት ትዕዛዙ የደረሳቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ እሳቱ ከተነሳ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ። በዚያን ጊዜ ቤቶች እየነደዱ ነበር። በአልታዴና ከሞቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም በምዕራቡ በኩል የነበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ወይም እንደ ልብ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ምዕራብ አልታዴና፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሌሎች ሰፈሮች ቤት እንዳይገዙ በሚከለከሉበት ዘመን ቤት ገዝተው የኖሩበት፣ ለልጅ ልጅ ያወረሱበት ሰፈር ነው። አብዛኞቹ ሰጋጆቹ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑት መስጂድ አት-ተቅዋም በዚያው እሳት ሙሉ በሙሉ ተቃጥሏል። ጀመዓው የ1446ን ረመዳን የተቀበለው ያለ መስጂዱ ነው። በአካባቢው ያለ የአይሁዶች ምኩራብና አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል።

ካውንቲው በውጭ አካል ያስጠናው ግምገማ በሴፕቴምበር 2025 ይፋ ሲሆን ያመለከተው ነገር ከእሳት አደጋ መኪናና ከአውሮፕላን የራቀ ነው። ማስጠንቀቂያ የማውጣት ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ አልተለየም፤ መመሪያዎቹ ያረጁ ናቸው፤ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ቢሮው የሰው ኃይል አጥሮታል አለ። የአንድ ትንሽ ቢሮ ጥቂት ክፍት መደቦችና አንድ ያልታደሰ መመሪያ፣ በበጀት ሰነድ ላይ ለማየት እንኳን የሚያስቸግሩ ነገሮች ናቸው። በነዚህ ላይ ሰልፍ የወጣ ሰው አልነበረም።

ውሃውስ? በፓሊሴድስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ዳር ከተተከሉት የእሳት ማጥፊያ ቧንቧዎች ጋር ጎማቸውን ሲያገናኙ ውሃ የጠፋበት ሰዓት ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «ውሃ እንኳን የሌላት ከተማ!» አለ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሰሜን ካሊፎርኒያ የሚመጣው ውሃ ለትንሽ ዓሣ ሲባል ስለታገደ ነው አሉ። ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ በወቅቱ የደቡብ ካሊፎርኒያ ትላልቅ ማጠራቀሚያዎች በደንብ ሞልተው ነበር። በጃንዋሪ መጨረሻ በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ከሁለት ግድቦች የተለቀቀው በቢሊዮን ጋሎን የሚቆጠር ውሃም በመካከለኛው ካሊፎርኒያ የእርሻ መሬት ላይ ፈሰሰ እንጂ ሎስ አንጀለስ አልደረሰም፤ የሚወስደው መንገድም የለውም።

ትክክለኛው ችግር ያለው ቧንቧው ላይ ነው። ኮረብታ ላይ ላለ ሰፈር ውሃው መጀመሪያ ሽቅብ ተገፍቶ ወደ ማጠራቀሚያ ጋን ይገባል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። ፓሊሴድስ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ጋሎን (3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል) የሚይዙ ሦስት ጋኖች ነበሯት። እሳቱ ሲነሳ ሦስቱም ሙሉ ነበሩ። ለ15 ሰዓታት ያህል የውሃው ፍላጎት ከተለመደው አራት እጥፍ ሆነ፤ ጋኑ ከሚሞላው በላይ ቀዳዳው በዛ። ጃንዋሪ 8 ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሦስተኛውም ጋን ደረቀ። የከተማ ቧንቧ የሚዘረጋው አንድ ቤት ወይም አንድ ፎቅ ሲቃጠል ይበቃል ተብሎ ነው፤ አንድ ሺህ ቤት በአንድ ሌሊት ሲነድ የሚበቃ ቧንቧ የዘረጋ ከተማ ብዙም የለም። በዚያ ላይ የቤቶቹ የውስጥ ቧንቧዎች በእሳቱ እየተሰበሩ ውሃውን ያፈሱት ነበር። በነፋሱ ምክንያት አውሮፕላኖችም መነሳት ስላልቻሉ ሸክሙ ሁሉ በቧንቧው ላይ ወደቀ።

እዚህም ላይ ግን ለአስተዳደሩ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ። እዚያው ሰፈር ውስጥ ሳንታ ኢኔዝ የተባለ 117 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ባዶውን። ውሃውን ከቆሻሻ የሚጠብቀው መሸፈኛ ስለተቀደደ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲደርቅ ተደርጎ ጥገና ይጠብቅ ነበር። የጥገናው ውል 130 ሺህ ዶላር ያህል ነው። በጨረታና በወረቀት ምልልስ ከአንድ የእሳት ወቅት በላይ አለፈበት። ሞልቶ ቢሆን ኖሮ እሳቱን ያስቆም ነበር የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም፤ ግፊቱን ለጥቂት ሰዓታት ያቆየው ይሆናል የሚሉ ግን አሉ። የአንድ ቤት ዋጋ ሩብ እንኳን በማይሆን ገንዘብ የሚጠገን ነገር፣ በ800 ሚሊዮኖች ላይ ሲጨቃጨቁ ማንም ሳያየው ቆየ። ገንዘቡ ነበር፤ የጎደለው ጥገናውን «ዛሬ ይለቅ» ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን የፓሊሴድሱ እሳት መነሻ ነው። በኦክቶበር 2025 የፌዴራል ዓቃብያነ ሕግ አንድ ሰው ከሰሱ። እንደ ክሱ ከሆነ ሰውየው ጃንዋሪ 1 ሌሊት በዚያው ኮረብታ ላይ ትንሽ እሳት ለኩሷል፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ያ እሳት 8 ኤከር ያህል አቃጥሎ ጠፋ ተብሎ ነበር። ዓቃብያነ ሕጉ እንደሚሉት ግን አልጠፋም። በቁጥቋጦው ሥር መሬት ውስጥ ሲጨስ ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ነፋሱ ሲመጣ ወደ ላይ ወጣ። ከሰል ያዳፈነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አመዱ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም ሆኖ ሊያድር ይችላል።

ይህ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ማንንም መውቀስ ባልተገባ። ግን አዲስ አይደለም። ኦክቶበር 20/1991 በዚያው ካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ኮረብታዎች ላይ በተነሳ እሳት 25 ሰዎች ሞተዋል፣ 3,000 ያህል መኖሪያዎች ወድመዋል። ያም እሳት የተነሳው ከአንድ ቀን በፊት ጠፍቷል ከተባለ የሣር እሳት ነው፤ በማግስቱ ነፋስ ቀሰቀሰው። በኦክላንድ ሌላም ትምህርት ነበር። ለእርዳታ ከሌሎች ከተሞች የመጡት ሠራተኞች ጎማ አፉ ከኦክላንድ ቧንቧ አፍ ጋር አልገጠመም፣ ምክንያቱም የከተማዋ መጠን ከሌላው የተለየ ነበር። የቧንቧው አፍ ከዚያ በኋላ ተስተካክሏል። የጠፋ እሳትን ሄዶ በእጅ እየዳሰሱ፣ ሙቀት በሚለይ ካሜራ እያዩ፣ በተለይ የነፋስ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ተመልሶ መጠበቅ ግን ከ33 ዓመት በኋላም የሚረሳ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማድረግ ጥቂት ሰዎችና የጥቂት ቀናት አበል ይበቃል።

ክርክሩ ሁሉ መንግሥት ላይ ያተኮረ በመሆኑ የቤቶቹ ነገር ተድበስብሷል። ከዱር ተነስቶ ወደ ከተማ የሚገባ እሳት እንደ ጎርፍ ግድግዳ ሆኖ የሚመጣ ይመስለናል። ብዙ ቤቶችን የሚያቃጥለው ግን ነፋስ ተሸክሞት ከሩቅ የሚመጣ የእሳት ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው በጣሪያ ሥር ባለ የአየር ማስገቢያ ይገባል፤ ወይም ግድግዳው ሥር ባለ ደረቅ ቅጠል፣ በእንጨት አጥር፣ በበር ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ቤቱ ከውስጥ ይነዳል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ይለኩሳል። ካሊፎርኒያ ከ2008 ጀምሮ በአደገኛ ቦታዎች ለሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ጥብቅ የግንባታ ሕግ አላት። ችግሩ አብዛኛው ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑ ነው። በ2020 ደግሞ በአደገኛ ቦታዎች ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያውን የሚነድ ነገር እንዳይኖር የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ «ዞን ዜሮ» ይሉታል። ዝርዝር ደንቡ በ2023 መጀመሪያ መውጣት ነበረበት። እሳቱ ሲነሳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ገና አልወጣም ነበር።

ለመከላከል የሚወጣ ገንዘብ ይህን ያህል የሚናቀው ለምንድን ነው? ጥቅሙ ስላልታወቀ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕንፃ ሳይንስ ተቋም ባወጣው ጥናት የፌዴራል መንግሥት አስቀድሞ ለአደጋ ቅነሳ የሚያወጣው አንድ ዶላር በአማካይ ስድስት ዶላር ጉዳት ያድናል። አንድሩ ሂሊ እና ኒል ማልሆትራ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ያሳያል። በአሜሪካ ምርጫዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ሕዝቡ ከአደጋ በኋላ የእርዳታ ገንዘብ ላመጣለት ባለሥልጣን ድምፁን ይሰጣል፤ አደጋው እንዳይደርስ አስቀድሞ ገንዘብ ላወጣው ግን ምንም አይጨምርለትም። ያልተቃጠለ ቤት ፎቶ የለውም። ባለሥልጣኑም ይህን ስለሚያውቅ የሚታየውን ይመርጣል። በዚህ ረገድ ወቀሳው ወደ መራጩም ይዞራል።

ከእሳቱ በኋላ የሆነውን ብታዩ ይኸው ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2025 የጸደይ ወራት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት ገጠማት፣ ከንቲባዋ ከ1,600 በላይ ሠራተኞችን ለማሰናበት ሐሳብ አቀረቡ። ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ግን በጀትም ሠራተኛም ጨመሩ። ያኔ ይህን የተቃወመ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ግን የሚደግፋቸው ሰው ማግኘታቸውን እጠራጠራለሁ።

ስለ ወጪ ካነሳን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዚያ እሳት ከተሰለፉት መካከል ከ1,000 በላይ የሚሆኑት የሕግ ታራሚዎች ነበሩ። የቀን ክፍያቸው በአብዛኛው ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር ነበር፤ በሰዓት አላልኩም፣ በቀን ነው። በዚያው ሳምንት አቅሙ ያላቸው ባለሀብቶች የግል እሳት አጥፊ ድርጅት ቀጥረው ንብረታቸውን ያስጠብቁ ነበር። በኦክቶበር 2025 ታራሚዎቹ እሳት ላይ ለሚያሳልፉት ሰዓት 7.25 ዶላር እንዲከፈላቸው ሕግ ወጥቷል። «በጀቱ በቂ ነው» ሲባል የማን ጉልበት በስንት ተገዝቶ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኛም ጥቅምት 2017 በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ አልረሳነውም፤ አላህ ለተጎዱት ይተካላቸው። ያ የገበያ እሳት እንጂ ሰደድ እሳት አልነበረም፣ ሁለቱን እኩል ማድረግ አይቻልም። ግን ያኔም በየቡናው የተወራው ስንት መኪና ቶሎ ደረሰ የሚለው ነበር። መኪናው የሚገባበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ግን ከእሳቱ በፊት በነበሩት ዓመታትም ማንም የሚያየው ነገር ነበር። የግቢያችን የሲቪል ምህንድስና፣ የኢኮኖሚክስና የሕግ ተማሪዎች ነገ በየከተማው ማዘጋጃ ቤት የምትገቡ ናችሁ፤ የበጀት ሰነድ በእጃችሁ ሲገባ ጠቅላላ ድምሩን አይታችሁ አትለፉት። የጸደቀው ነው ወይስ የተስተካከለው? የማን መሥሪያ ቤት ነው? ለጥገና፣ ለሥልጠና፣ ለማስጠንቀቂያ ሥራ የተያዘው ስንት ነው? ክፍት መደቦቹስ?

ዞን ዜሮን በተመለከተ፣ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም ከእሳቱ በኋላ በፌብሩዋሪ 2025 ደንቡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተጠናቆ እንዲወጣ አዘዙ። በየቦታው የሕዝብ ውይይት ተደረገ። በውይይቱ ላይ ብዙ ነዋሪዎች ደንቡን ተቃወሙ። ወጪው ብዙ ነው፣ በግድግዳው ሥር ያለውን አበባና ጥላ የሚሰጠንን ዛፍ አንነቅልም አሉ። ከተቃወሙት መካከል ከተቃጠሉት ሰፈሮች ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ ይገኙበታል። ዓመቱም አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።